«መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ሲሉኝ

የጤና መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን በወሬ ነው። አንዱ ቲክቶክ ላይ ያያል፣ ለጓደኛው ይነግራል፣ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ይገኛል። ከ2010 እስከ 2019 የወጡ አንዳንድ ታዋቂ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይኸው ደርሶባቸዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እኔም ሳላነብ ያመንኩት ብዙ ነበር።

«ሆስፒታሉ የሄንሪዬታ ላክስን ሴሎች ሸጦ ከበረ»

ታሪኩን በ2010 የጻፈችው ርብቃ ስክሉት ናት። ሄንሪዬታ የአምስት ልጆች እናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በ1951 የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሞቹ ሳያስፈቅዷት ከዕጢው ቆንጥረው ወሰዱ። በዚያው ዓመት፣ በ31 ዓመቷ አረፈች። ሴሎቹ ግን ላብራቶሪ ውስጥ መራባታቸውን ቀጠሉ፤ ዛሬም አላቆሙም።

ሴሎቹን ያሳደገው ጆርጅ ጋይ ለጠየቁት ተመራማሪዎች የሚልከው በነጻ ነበር። ገንዘቡን ያጋበሱት በኋላ እያመረቱ የቸበቸቡት ኩባንያዎች ናቸው። ቤተሰቡ አልተበደለም ማለቴ ግን አይደለም። ልጆቿ ጉዳዩን የሰሙት እሷ ካረፈች ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዓለም በእናታቸው ሴል ሲመራመር አንዳንዶቹ የጤና መድን እንኳ አልነበራቸውም። ቤተሰቡ ሴሎቹን እየሸጠ ያተርፋል ብሎ ከከሰሰው፣ ቴርሞ ፊሸር ከተባለው ኩባንያ ጋር ጉዳዩን በስምምነት የጨረሰው ገና በ2023 ነው።

«የፖሊዮ ክትባት የተሠራው ከሷ ሴል ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ጆናስ ሳልክ ያገኘው የፖሊዮ ክትባት የተሠራው በጦጣ ኩላሊት ሴል ላይ ባደገ ቫይረስ ነው። የሄንሪዬታ ሴሎች ያገለገሉት ክትባቱ መሥራት አለመሥራቱን ለመፈተሽ ነው። ደግሞም ሳይሞቱ የቆዩት ጤነኛ ስለሆኑ አይደለም፤ የካንሰር ሴሎች ስለሆኑ ነው። በ1980ዎቹ ሲመረመሩ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ 18 የተባለው ቫይረስ ተገኘባቸው። በ2018 መጨረሻ አገራችን ውስጥ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ይህንንም ቫይረስ ይከላከላል። («መሃን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ በአንድ ቃል ልለፈው፦ አያደርግም።)

«ካንሰር ዘመናዊ ምግብ ያመጣው በሽታ ነው»

ሲድሃርታ ሙከርጂ የካንሰርን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በ2011 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩን ወደኋላ እየቆፈረ ጥንታዊ ግብፅ ድረስ ይወስደዋል። እዚያ አንድ የፓፒረስ ጽሑፍ ጡት ላይ የወጣን ጠጣር እብጠት ይገልጻል። ሕክምናው ጋ ሲደርስ «የለውም» ብሎ ያልፋል። ዛሬ ካንሰር የበዛብን አንደኛው ምክንያት ዕድሜያችን ስለረዘመ ነው። ሲጋራን የመሰለ ጠንቅ አለ፤ በሽታው ግን ጥንትም ነበር።

ከመጽሐፉ በጣም የገረመኝ የሲድኒ ፋርበር ታሪክ ነው። በ1940ዎቹ ቦስተን ውስጥ፣ የደም ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት ይረዳ መስሎት ፎሊክ አሲድ ሰጣቸው። ቫይታሚን ነው፤ ምን ይጎዳል? በሽታው ጭራሽ ባሰ። እሱም ነገሩን ገለበጠውና ቫይታሚኑን የሚያግድ መድኃኒት ሞከረ። የተወሰኑት ልጆች ለወራት አገገሙ። የዛሬው ኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት ማከም) አንዱ ሥሩ ይሄ ነው።

«ማስታገሻ ሕክምና ማለት ተስፋ መቁረጥ ነው»

ማስታገሻ ሕክምና ማለት የታማሚውን ሕመምና ስቃይ የሚያቀል ክትትል ነው። እኛ ጋ ክፉ ዜና ለታማሚው አይነገርም። ዘመድ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይመክራል፣ ከዚያ «ደህና ነህ፣ ትድናለህ» ይባላል። ቀዶ ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴ በ2014 የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ታማሚውን ጠይቁት ይላል፦ ምን ትፈራለህ? ከቀረህ ጊዜ ምን እንዲሆንልህ ትፈልጋለህ? የራሱንም አባት እንዲህ እየጠየቀ ነው የሸኘው።

መጽሐፉ ውስጥ በ2010 የወጣ አንድ የቦስተን ጥናት ተነሥቷል። ሁሉም ሕሙማን የሳንባ ካንሰራቸው የተሠራጨ ነበር። ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ከጅምሩ የማስታገሻ ክትትል ያገኙት በመካከለኛ ግምት 11.6 ወር ኖሩ። ያላገኙት 8.9 ወር። ለዚያውም ክትትሉን ካገኙት መካከል ሕይወታቸው ሊያልፍ ሲቃረብ ከባድ ሕክምና የወሰዱት ያነሱ ነበሩ።

«8 ሰዓት ያልተኛ አለቀለት»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የወሬኛው ብቻ አይደለም። ማቲው ዎከር በ2017 ስለ እንቅልፍ የጻፈው መጽሐፍ ራሱ ያስፈራራል፤ አንዳንዱን ነገርም አጋንኖታል ተብሎ ተተችቷል። ለአዋቂ የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። ለ7 ሰዓት ያህል ተኝቶ ነቃ ያለ ሰው ሰዓቱን እያየ ባይጨነቅ ይሻለዋል።

«ሲጋራ ያላጨሰ የሳንባ ካንሰር አይዘውም»

ፖል ካላኒቲ አያጨስም ነበር። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠናውን ሊጨርስ ሲቃረብ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት፤ በ2015፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ በዓመቱ ወጣ። መቅድሙን የጻፈለት አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው፣ ሕክምናም እዚሁ መማር የጀመረው ሐኪም አብርሃም ቬርጌዝ ነው። የመጨረሻውን ክፍል የጻፈችው ግን ባለቤቱ ሉሲ ናት። እሱ አልደረሰበትም።