ያለ ዕውቀት የሚሰጥ አስተያየት በአሜሪካ የቴሌቪዥን ቶክ ሾዎች

የአሜሪካ ቶክ ሾው (የቴሌቪዥን የውይይት ፕሮግራም) አቅራቢ ስለማያውቀው ጉዳይ ጭምር እንዲናገር ይከፈለዋል። ሳይጠሩት አቤት እያለ የሚታማ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ይሄኛው ግን ተጠርቶ፣ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ካሜራ ተደቅኖበት ነው አቤት የሚለው። በዚህ መንገድ ስለ ምግብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ታሪክ ያልተጣሩ አስተያየቶች ለሚሊዮኖች ደርሰዋል። ነገሩ የአቅራቢዎቹ የግል ድክመት ተደርጎ ቢወራም ዋናው ምክንያት የፕሮግራሙ አሠራር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊል ዶናሁ በ1967 በኦሃዮዋ ዴይተን ከተማ ማይክሮፎኑን ለስቱዲዮ ታዳሚዎች ከሰጠ ወዲህ የቀን ቶክ ሾው መልክ ያዘ። ኦፕራ ዊንፍሪ ከ1986 እስከ 2011 በመላ አገሪቱ የታየ ፕሮግራም መራች። በ1997 ደግሞ ባርባራ ዋልተርስ በኤቢሲ ጣቢያ «ዘ ቪው»ን ጀመረች፤ ጥቂት ሴቶች ጠረጴዛ ከበው የዕለቱን ዜና እያነሱ ይከራከራሉ። የመክፈቻው ክፍል «ትኩስ ጉዳዮች» የሚል ስም አለው። አቅራቢዋ ጠዋት የተመረጠላትን ርዕስ ይዛ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በቀጥታ ሥርጭት ትቀመጣለች። ርዕሱ ዛሬ ጦርነት፣ ነገ የካንሰር ምርመራ፣ ከነገ ወዲያ የአንድ ዘፋኝ ፍቺ ሊሆን ይችላል። «አላውቅም» የሚል መልስ ደግሞ ደቂቃ አይሞላም። በ2007 ከአቅራቢዎቹ አንዷ ሼሪ ሼፐርድ በዚሁ ፕሮግራም ላይ መሬት ጠፍጣፋ ናት ወይ ተብላ ስትጠየቅ እንደማታውቅና አስባበት እንደማታውቅ ተናገረች፤ አሳሳቢዋ ልጇን ማብላት እንደሆነም ጨመረች። አሜሪካ ለዓመታት ስቃባታለች። ለነገሩ ከጠረጴዛው ሴቶች መካከል የማታውቀውን አላውቅም ብላ የተገኘችው እሷ ነበረች።

አስተያየት ምን ያህል ገንዘብ ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል የታየው በ1996 ነው። በሚያዝያ ወር ኦፕራ ስለ እብድ ላም በሽታ ከአንድ የቀድሞ ከብት አርቢ ጋር ስትወያይ፣ የሰማችው ነገር ዳግመኛ ሃምበርገር ከመብላት እንዳገዳት ተናገረች። የከብት ዋጋ ወረደ። የቴክሳስ ከብት አርቢዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ጠይቀው ከሰሱ። የክሱ አንድ መሠረት ግዛቱ በ1995 ያወጣው፣ የሚበላሹ የምግብ ምርቶችን ስም ማጥፋት የሚያስጠይቅ ሕግ ነበር። ችሎቱ በ1998 በአማሪሎ ከተማ ሲካሄድ ኦፕራ ፕሮግራሟን ወደዚያው አዛወረች፤ ቀን ፍርድ ቤት፣ ማታ ቀረጻ። በየካቲት ወር ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች (ጁሪው) ለእሷ ፈረዱ። አቅራቢ ሐሳቡን መናገሩ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጠበቀ በመሆኑ በፍርድ ቤት መንገድ እርምት ማግኘት ከባድ ነው።

ከዚያ ችሎት ሌላም ነገር ወጣ። ጠበቆቿን ያማክሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊል ማግሮው በፕሮግራሟ ላይ እንግዳ ሆኑ፤ በ2002 የራሳቸውን «ዶክተር ፊል» ጀመሩ። የካሊፎርኒያ የሥነ ልቦና ቦርድ ሥራቸው መዝናኛ እንጂ ሕክምና ስላልሆነ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም አለ። ተመልካቹ ግን የሚሰማው «ዶክተር» የሚለውን ነው።

ከባዱ ጉዳት የጤናው ነው። በመስከረም 2007 ተዋናይት ጄኒ ማካርቲ በኦፕራ መድረክ የልጇን ኦቲዝም ከክትባት ጋር አያያዘች፤ ስለ በሽታው የተማረችው በጉግል እንደሆነም በኩራት ተናገረች። ኦፕራ የአሜሪካን የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መግለጫ አነበበች። ማካርቲ ሳይንሷ ቤት ያለው ልጇ መሆኑን መለሰች፤ ታዳሚው አጨበጨበ። አንድ ወረቀት ላይ የተጻፈ መግለጫና አንዲት የምታለቅስ እናት በቴሌቪዥን እኩል አይመዝኑም፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም አቅርቤአለሁ ሊል ቢችልም። የክትባቱን ፍርሃት ያቀጣጠለው፣ በ1998 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጽሑፍ በ12 ልጆች ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር፤ መጽሔቱ በ2010 ሰረዘው። ማካርቲ በ2013 የ«ዘ ቪው» አቅራቢ ሆና ተቀጠረች።

አቅራቢው ራሱ ሐኪም ሲሆንስ? መሕመት ኦዝ የተመሰከረላቸው የልብ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ከ2009 ጀምሮ ግን በራሳቸው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በየቀኑ ስለ መላ አካል ማውራት ነበረባቸው። በ2014 የብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጣው ጥናት ከፕሮግራማቸው ከተወሰዱ ምክሮች ማስረጃ የሚደግፈው 46 በመቶውን ብቻ፣ የሚቃረነው 15 በመቶውን ሆኖ አገኘ፤ ለቀሪው ማስረጃ አልተገኘም። በዚያው ዓመት ሰኔ ሴናተር ክሌር ማካስኪል ስለ ክብደት መቀነሻ «ተአምራት» በምክር ቤት አፋጠጧቸው። ከነዚህ አንዱ የጥሬ ቡና ፍሬ ጭማቂ ነበር (ለቡና አገር ሰው ይህ የተለየ ቀልድ ነው)። ኦዝ ያሸበረቀ ቃል መጠቀማቸውን አመኑ። ጥሬ ቡናው ክብደት ይቀንሳል ያለው ጥናት ከወራት በኋላ ተሰረዘ። በአንጻሩ በ2011 ስለ አፕል ጭማቂና አርሴኒክ ስለተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ያሰሙት ጩኸት በምርመራ ዘዴው ቢነቀፍም፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ለጭማቂው የአርሴኒክ ጣሪያ ሐሳብ አቅርቧል።

ቅጣት የሚመጣው አቅራቢው ሲሳሳት ሳይሆን ሰው ሲያስቀይም ነው። በ2015 የ«ዘ ቪው» አቅራቢ ጆይ ቤሃር በሚስ አሜሪካ ውድድር ላይ የነርስ ልብስ ለብሳ ስለ ሙያዋ የተናገረችን ተወዳዳሪ አይታ «የሐኪም» ማዳመጫ አንገቷ ላይ ለምን እንዳንጠለጠለች ጠየቀች። ነርሶች ተቆጡ፤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ጨምሮ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን ከፕሮግራሙ አነሱ፤ ይቅርታው ወዲያው ተከተለ። በጥር 2022 የዚሁ ፕሮግራም አቅራቢ ዉፒ ጎልድበርግ ሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ) ከዘር ጋር አይያያዝም አለች። የናዚ ሕግ አይሁዶችን በዘር ለይቶ የፈረጀ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው አባባሉ ግልጽ ስህተት ነው። ይቅርታ ጠየቀች፤ በማግሥቱ የአይሁድ ጥላቻን የሚታገለው የፀረ ስም ማጥፋት ሊግ ኃላፊ ስቱዲዮ ገብተው አስረዱ። የኤቢሲ ኒውስ አለቆች ያም ሆኖ ለሁለት ሳምንት አገዷት። ከሁለቱ እርምጃዎች ተመልካቹን ያስተማረው ባለሙያውን ማስገባታቸው ነበር፤ እገዳው የጣቢያውን ስም ከማጽዳት የዘለለ ጥቅም አልነበረውም።

የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ሁለቱ ዶክተሮች በዜና ጣቢያዎች ላይ ተፈላጊ ሆኑ። በሚያዝያ 2020 ማግሮው በፎክስ ኒውስ ላይ በመዋኛ ገንዳ በዓመት 360 ሺህ ሰው ይሞታል አሉ፤ በአገሪቱ በአደጋ ሰጥሞ የሚሞተው በድምሩ ወደ 4 ሺህ ገደማ ነው። ኦዝ ትምህርት ቤቶችን መክፈት በሞት 2 ወይም 3 በመቶ ብቻ ሊያስከፍል እንደሚችል ተናግረው በኋላ አነጋገሬ ስህተት ነበር አሉ። በ2022 ከፔንስልቬንያ ለሴናት ተወዳድረው ተሸነፉ። በሚያዝያ 2025 ግን ያው ሴናት ከ100 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያንን የሚያገለግሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድን፣ እንዲመሩ ሹመታቸውን አጸደቀ።