የጤና ጉድለት ጡረታ ምንድን ነው? ከጉዳት ጡረታስ በምን ይለያል?

በባሕር ዳር አንድ ሠራተኛ ዕድሜው 60 ሳይሞላ በሕመም ወይም በአደጋ ከሥራ ሲሰናበት ጎረቤቱ «በቦርድ ወጣ» ይላል። ቦርድ የተባለው የሠራተኛውን የመሥራት አቅም መርምሮ ማስረጃ የሚሰጠው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ይህ አጠራር ግን ሕጉ የለያያቸውን ሁለት መብቶች በአንድ ስም ይጠቀልላል፤ ልዩነቱን ባለማወቅ የሚቀረው ገንዘብ ደግሞ በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ የሚቀር ነው።

የጤና ጉድለት ጡረታ ሕመሙ ከሥራው ያልመጣ ቢሆንም በጤናው ምክንያት ሥራውን መቀጠል ላልቻለና ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሚከፈል ወርሃዊ አበል ነው። አገልግሎቱ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ የሚያገኘው ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የጉዳት ጡረታ ግን መነሻው በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ወይም ሥራው ያመጣው በሽታ ስለሆነ የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ መሆኑንና ሠራተኛው ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ለመሥራት ጨርሶ አለመቻሉን ነው። ተጎድቶም መሥራት የሚችል ከሆነ የጉዳት ዳረጎት ይከፈለዋል።

በ2003 ዓ.ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች ስሌት 14 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሲቪል ሠራተኛን እንውሰድ። የጤና ጉድለት አበሉ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ታስቦ 35 በመቶ ወይም 2,800 ብር ይሆናል። የጉዳት ጡረታ ግን ከጉዳቱ በፊት ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነውና ደመወዙ ያው 8,000 ከሆነ 3,760 ብር ይደርሳል። እነዚህ አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ስለተተኩ፣ አመልካቹ የራሱን ስሌት በአዲሶቹ አዋጆች መሠረት ማሠራት አለበት።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የሕመሙ ክብደት ብቻ ሳይሆን ሕመሙ ከየት መጣ የሚለው ነው፤ መልሱም የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ጣቱን ማሽን የያዘበት የፋብሪካ ሠራተኛ ክሊኒክ ሲደርስ በካርዱ ላይ «የእጅ ቁስል» ተብሎ ብቻ ቢመዘገብ፣ ከዓመት በኋላ አደጋው በሥራ ሰዓት መድረሱን ማስረዳት ይከብደዋል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና ማሽኑ በካርዱም በአሠሪው የአደጋ መዝገብም እንዲሰፍር መጠየቅ መብት እንጂ ማስቸገር አይደለም፤ ቅጂውንም ሳይዙ መውጣት አይገባም። ማመልከቻው ከቦርዱ ማስረጃ፣ ከቅጥርና ከደመወዝ መረጃ ጋር በአሠሪው በኩል ለማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ይቀርባል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው መዋጮ ለሚከፈልለት የደመወዝ ሠራተኛ ነው። በደንገል ታንኳ ከጣና ዓሣ አስግሮ የሚያድር ሰው ወገቡ ቢጎዳ መዋጮ የከፈለለት አሠሪ የለውም። ለእርሱ ያለው በር፣ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ባለበት ቦታ፣ መሥራት ለማይችሉ ድሆች የሚሰጠው ቀጥተኛ ድጋፍ ነው፤ እዚያ የሚታየው የአገልግሎት ዘመን ሳይሆን የቤቱ ድህነት ስለሆነ ጥያቄውን የሚጀምረው ከሚኖርበት ቀበሌ ነው።