የድሮ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች በሥዕል፦ የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ

የድሮ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ሥዕል ዘመናቸው ያለፈ ጂፖችን፣ የጦር ካሚዮኖችን፣ ብረት ለበሶችንና ታንኮችን ዋና ርእሱ ያደረገ የሥዕል ዘርፍ ነው። በተለመደው የጦርነት ሥዕል መኪናው ከትዕይንቱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ግን ባለታሪኩ ራሱ መኪናው ነው። ከመሐንዲስ ንድፍ ጋርም አንድ አይደለም። ልኩን እንደ መሐንዲስ ይጠብቃል፣ ዝገቱን፣ ጭቃውንና የተቀጠቀጠውን ላሜራ ግን አያልፍም። በኢትዮጵያ ገና ብዙ ያልተሠራበት ዘርፍ ሲሆን፣ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ያለ የበለጸገ ርእሰ ጉዳይ ያላቸው ከተሞች ግን ጥቂት ናቸው። ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድና ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያቀናው መንገድ የሚገናኙት ኮምቦልቻ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ካገለገሉት የጦር ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ በዚህ ዳገት ላይ ማርሽ ቀይረዋል ማለት ይቻላል።

ወሎ ከባድ የጦር መሣሪያ በመንኮራኩር ሲጎተት ያየው ሞተር ከመምጣቱ በፊት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀረጹትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስጠረጉ በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ አድርሰውታል። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው። በወሎ ይህን ዘርፍ ለመሥራት ለሚነሣ ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ገመዱ፣ ሠረገላው፣ የድንጋዩ ጠርዝና ከኋላ የሚገፋው ሰው በአንድ ሥዕል ውስጥ ይገባሉ።

ዘርፉ በዓለም ላይ የተጀመረው ከታንክ መፈጠር ጋር ነው። ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጊያ የገባው መስከረም 15 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ምድር በሶም ግንባር ሲሆን፣ የብሪታንያ የመጀመሪያው ይፋዊ የጦር ሠዓሊ ሙርሄድ ቦን በዚያው ዓመት ታንኩን በንድፍ አስቀርቶታል። የቁም ሥዕል ሠዓሊው ሰሎሞን ጆሴፍ ሰሎሞን ደግሞ ታንኮቹ ከመልክዓ ምድሩ ጋር እንዲመሳሰሉ ራሳቸውን ታንኮቹን ቀለም ቀብቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊው ካርቱኒስት ቢል ሞልዲን የሣላት አንዲት ሥዕል እስካሁን ትጠቀሳለች። አንድ የፈረሰኛ ጦር አዛውንት የሃምሳ አለቃ የተሰበረች ጂፑን በሽጉጥ ሊገላግላት ያነጣጥርባታል፤ በሌላ እጁም የቆሰለ ፈረሱን የሚገድል ይመስል ላለማየት ዓይኑን ይሸፍናል። ሞልዲን በ1945 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ከጦርነቱ በኋላ ዘርፉን በየቤቱ ያስገባው የመገጣጠሚያ ሞዴል ማሸጊያ ነው። የጃፓኑ ታሚያ በነጭ መደብ ላይ መኪናውን ብቻ አጉልቶ የሚያሳየው የሣጥን ሥዕሉ አንዱን የአሣሣል መንገድ ደንብ አድርጎ አጽንቶታል።

የኢትዮጵያ ልማዳዊ ሥዕል የራሱ ሕግ አለው። ወዳጅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ጠላት በአንድ ዓይን በጎኑ ይሣላል። በአድዋ ሥዕሎች ላይ መድፎች ከጭስና ከእሳታቸው ጋር በረድፍ ተቀምጠው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ ይታያል። ስለ 1928ቱ ጦርነት በተሣሉት ላይ አውሮፕላኑና ታንኩ የሚመጡት በጠላት ወገን ነው። ታንኩ ብዙ ጊዜ የጠላትነት ምልክት እንጂ የታወቀ አንድ መኪና አይደለም። ሰንሰለት፣ ሣጥን፣ ከላዩ የሚዞር ማማና ረጅም አፈሙዝ ይደረግለታል።

ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን በብዛት ያሰለፈችው ሲ ቪ 33 የተባለውን ትንሽ ታንክ ነበር። ክብደቱ 3.2 ቶን፣ ከፍታው 1.28 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተጨናንቆ ይቀመጥበታል። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሱም የተተከለው ወደ ፊት ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጉና በር የልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት እነዚህን ታንኮች ሲገጥም ወታደሮቹ ከጎንና ከኋላ ተጠግተው፣ ላያቸው ላይ ወጥተው ሊያሸንፏቸው የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሠዓሊ በዚያ ታንክ ላይ የሚዞር ማማ ሲጨምርበት የወታደሮቹን ብልሃት ይሰርዛል፤ ድሉም እንደ ተአምር ወይም እንደ ዕድል ይቆጠራል። ቁመቱንም ከፍ ካደረገው የተዋጊው ሰው መጠን ይጠፋል። እውነተኛው ሲ ቪ 33 ከቆመ ጎልማሳ ደረት ብዙም አይበልጥም። የመኪናን ልክ መጠበቅ የሰውን ታሪክ መጠበቅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ደሴ በዚያው ጦርነት ሁለት ጊዜ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጥታለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመትረየስ ወደ አውሮፕላኖቹ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶግራፍም ዓለምን ዞሯል። ሚያዝያ 7 ቀን ጣልያኖች ደሴ ገቡ። ሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ የማርሻል ባዶሊዮ የሞተር ሠራዊት ከ1,600 በላይ መኪኖች ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰና ሚያዝያ 27 ቀን ደረሰ። ይህን ጉዞ ለመሣል የሚያስቸግረው መኪናው ሳይሆን ጭቃው ነው። በልግ ነበር፤ ካሚዮኖቹ በየዳገቱ በሰው እጅ ይገፉ፣ መንገዱም በድንጋይ ይደለደል ነበር። የጣልያን የፕሮፓጋንዳ ሥዕል ቀጥ ያለ ሰልፍ ይወዳል። መንገዱን የሚያውቅ የደሴ ልጅ ቢሥለው ግን በጭቃ የተቀበረውን ጎማ፣ የተጎበጠውን ባሌስትራና ከኮፈኑ ሥር የሚወጣውን እንፋሎት ያስቀድማል ብዬ አምናለሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በዚሁ መንገድ ላይ የተገላቢጦሹ ሆነ። በብርጋዴር ዳን ፒናር የሚመራው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ ሚያዝያ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ኮምቦልቻን፣ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ያዘ። የተማረከው ወደ 8,000 ይጠጋ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የተጠቀመበት ብረት ለበስ ማርሞን ሄሪንግተን ይባላል፤ በፎርድ ካሚዮን ሻንሲ ላይ የብረት ገላ ተጭኖለት በራሷ በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው። ለሠዓሊ ደስ የሚል መኪና ነው። የገላው ጠፍጣፋ ብረቶች በተለያየ ማዕዘን ስለሚገጣጠሙ እያንዳንዱ ብረት ብርሃኑን ለየብቻው ይይዛል። በሦስት ዓይነት ግራጫ ብቻ ቅርጹን ማውጣት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪኖች ለብዙው አንባቢ ቅርብ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጂፕ ናት። በ1941 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል ዊሊስና ፎርድ ከ600,000 በላይ ሠርተዋል። ጂፕን ለመሣል የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የፊት ፍርግርጓን ይቁጠር። የጦርነቱ ዘመን ጂፕ ከአንድ ላሜራ ተቀርጾ የወጣው ፍርግርግ ዘጠኝ ቁም ክፍተት አለው፤ ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል የተሸጠችው ሰባት። የፊት መብራቶቿ የተቀመጡት ከፍርግርጉ ጋር በአንድ መስመር ሲሆን፣ የፊት መስታወቷ ተከፍቶ ኮፈኑ ላይ ይተኛል። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ካሚዮኖችና ኤም 41 ታንኮች የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት መታወቂያ ሆኑ።

በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የሶቪየት መሣሪያ ገባ። ዚል፣ ኡራልና ዋዝ ከወታደር ካምፕ አልፈው በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ታዩ። ከታንኮቹ ቲ 55 እና ቲ 62 በሥዕል ላይ በተደጋጋሚ ይምታታሉ፤ ሁለቱም በየጎናቸው አምስት ትልልቅ ጎማ ስላላቸው ነው። መለያው የጎማዎቹ ርቀት ነው። በቲ 55 ሰፊው ክፍተት ከፊት በአንደኛውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ሲሆን፣ በቲ 62 ግን ክፍተቱ የሚሰፋው ወደ ኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። የጭስ ማስወጫው እብጠትም በቲ 55 አፈሙዝ ጫፍ ላይ ሲሆን በቲ 62 ከጫፉ ራቅ ብሎ ወደ መሀል ገብቷል። ይህን ያወቀ ሠዓሊ በእርሳስ አሥር መስመር ቢያሰምር የትኛው ታንክ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

አሠራሩን በተመለከተ የተለመደ ቅደም ተከተል አለ። ጎኑ በልኩ ይነደፋል፤ የጎማዎች መሀል ለመሀል ርቀት መለኪያ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ሰያፍ እይታ ይታለፋል። ጀማሪን የሚያስቸግረው ጎማ ነው። በሰያፍ እይታ ክቡ ሞላላ ይሆናል፤ የሞላላው አጭር መስመር የግድ ከአክሱ፣ ማለትም ጎማው ከሚዞርበት ብረት ጋር በአንድ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ካልሆነ መኪናው የተንጋደደ ይመስላል። የታንክ ሰንሰለትም እንደ ቀበቶ ተወጥሮ መሣል የለበትም። ከላይ በራሱ ክብደት ረገብ ይላል፤ ኪሎ ሜትሩ የበዛ ታንክ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይላላል።

ቀለሙ ከቦታ ቦታ ይለያል፤ እዚህ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት ለሠዓሊ ትልቅ ሀብት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ስለተቀመጠች ክረምቱ ጉም ነው። በጉም ውስጥ የወታደር አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፤ ጠርዙም ይለሰልሳል። ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር ያላነሰ ዝቅ ትላለች፤ ሞቃት ናት፤ በበጋ አቧራዋ ቢጫ ነው። ያው ካሚዮን እዚያ ሲቆም ከቸርኬው እስከ ካቢናው ቢጫ ዱቄት ይለብሳል፤ ጥላውም ጠንካራና አጭር ይሆናል። አንዱን መኪና በሁለቱ ከተሞች በውሃ ቀለም መሥራት ለተማሪ የተሟላ ትምህርት ነው። ሐረጎ ላይ ደግሞ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ፀሐይ ከታች፣ ጉም ከላይ።

ጥበቡን የሚያውቁ እጆች በሁለቱም ከተሞች አሉ። በጋራዦች ላሜራ የሚቀጠቅጡና ቀለም የሚረጩ ሰዎች የመኪናን ገላ ከማንም ሠዓሊ በተሻለ ያውቁታል። በካሚዮን ላይ አንበሳ፣ መስጊድ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚሥሉም አሉ። ሕፃናትም ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሲሠሩ ረጅም መሪ ይተክሉለታል፤ የፊት ጎማው ከመሪው ጋር ይዞራል። እንዲህ ያለውን መኪና የሠራ ልጅ የአክስን ነገር በመጽሐፍ ሳይሆን በጣቱ ተምሮታል። ሥነ ሥዕል የሚያስተምር ሁሉ ከዚያ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ምንጭ ፍለጋ ግን አስቸጋሪ ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል፤ ከዚያም የቀረውን በፎቶግራፍና በሥዕል ማስቀመጥ አስቸኳይ ሆነ። ወታደራዊ ተሽከርካሪና ካምፕን ፎቶ ማንሣት ፈቃድ ስለሚያሻው፣ ተማሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚመለከተውን አካል መጠየቅ አለባቸው። በመንገድ ዳር የተቃጠለ ተሽከርካሪ ከሩቅ ይሣላል እንጂ አይነካም፤ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖርበት ይችላል። በቤታቸው የአባት ወይም የአያት የሠራዊት ፎቶግራፍ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ምንጭ ናቸው። ከኋላ የቆመው መኪና ታርጋው ወይም ፍርግርጉ ከታየ ዓይነቱና ዘመኑ ይታወቃል። በንድፉ ጀርባ የመኪናውን ዓይነት፣ ፎቶው የተነሣበትን ዓመትና ቦታ በቀለም ሳይሆን በእርሳስ መጻፍ ይመረጣል፤ ቀለሙ ወደ ፊት በኩል ሊዘልቅ ይችላልና።