«የጨው መርከብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝ ቼሻየር በምትገኘው ናንትዊች ከተማ የተካሄደው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ሲነሣ «የጨው መርከብ» የሚለው ስም ብዙዎቻችንን ደጋግሞ ስላሳሳተ ላብራራው እወዳለሁ። ይህ በውሃ ላይ የሚጓዝ መርከብ ሳይሆን፣ ከትልቅ የኦክ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ከጉድጓድ የተቀዳው ጨዋማ ውሃ ጨው እንዲወጣው በሰፋፊ የእርሳስ ድስቶች የሚፈላበት ተራ እስኪደርስ የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው፤ «ገንዳ» የሚለው ቃላችን ከ«መርከብ» ይልቅ በትክክል ይገልጸዋል። በከተማዋ የተገኘው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንድ ሳይበሰብስ የቆየው እርጥቡ አፈር አየር እንዳይደርሰው ስለከለከለ ነው፤ እንጨት ይህን ያህል ዘመን መሻገሩ በእውነት ያስደንቃል። ለምሳሌ የተፈለፈለ ግንድ ብቻውን በወንዝ ዳር ቢገኝ ጀልባ ሊሆን ይችላል፤ ከምድጃና ከጨው ማፍያ ቤት ፍርስራሽ ጋር ሲገኝ ግን ገንዳ መሆኑን መገመት ይቀላል። የጨዋማ ውሃ ማጠራቀሚያነቱ የታወቀ ሲሆን፣ ርዝመቱና አቀማመጡ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል።