«ዘር ከልጓም ይስባል»፦ የልጅ ጠበኝነትና ሥጋዊ መነሻዎቹ በሰሜን ሸዋ

ደብረ ብርሃን፣ ቡና በተፈላበት ቤት፣ የሁለት ዓመት ልጅ የእህቱን ክንድ ይነክሳል። ጎረቤት ሲኒዋን ሳታስቀምጥ «ቁርጥ አያቱን!» ትላለች። አያትየው በጉብዝናው ጊዜ ቱግ ባይ ነበር አሉ። ዘር ከልጓም ይስባል፤ አለቀ።

ዘር እውነትም ድርሻ አለው። የመንትዮች ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው የጠበኝነት ልዩነት ግማሽ ያህሉን ከዘረመል ጋር ያያይዙታል። ንክሻው ግን የአያት ውርስ ላይሆን ይችላል። ልጆች በዕድሜያቸው ሁሉ አብዝተው የሚማቱት ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ካናዳዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ትረምብሌይ ይህንን አጥብቆ አሳይቷል፦ ልጅ የሚማረው መማታትን ሳይሆን መተዉን ነው። ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍልም እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ አይበስልም። «ልጅነቱ ሲለቀው ይተዋል» የሚሉ እናቶች ከጎረቤቲቱ የተሻለ ገብቷቸዋል።

ብዙ የተወራለት ዘረመል ኤምኤኦኤ ነው፤ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ኬሚካሎችን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚያሠራው። በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ዘረመል ጨርሶ የማይሠራላቸው ቁጡ ወንዶች ተገኙ። እንዲህ ያለው ነገር እጅግ ብርቅ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ ከልደት ጀምሮ የተከታተሏቸውን ልጆች መረመሩ። ዘረመሉ የሰነፈባቸው ወንዶች በጠብ ጎልተው የታዩት በልጅነታቸው ተበድለው ከሆነ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉም አልተስማሙም። እኔ ግን «ጠባዩ ይታረም» ተብሎ በርበሬ የሚታጠን ልጅ ትዝ ይለኛል።

ከዘር ይልቅ የሚያሳስበው ማዕድ ቤቱ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ወርዷል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት እንዲያው አልመጣም፤ እንቅርት የሚታወቅ ነገር ነበር። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ክፉኛ ካነሳት የፅንሱ አንጎል ይጎዳል፤ ልጁ ዘግይቶ ይናገራል፤ ጆሮውም ሊደነቁር ይችላል። ቃል ያጠረው ልጅ በእጁ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንግጋለች። ጨው ምድጃ ጥግ ክፍት ጣሳ ውስጥ ከተቀመጠ ግን አዮዲኑ ይተናል። ክዳን፣ ከእሳት ራቅ ማድረግ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨው ጣል ማድረግ፤ በቃ።

ቀጥሎ ብረት አለ፤ በምግብ ውስጥ የሚገኘው፣ ሲያንስ ደም ማነስ የሚያመጣው። ሞሪሸስ ውስጥ 1,795 ልጆችን ይዞ በተደረገ ጥናት በ3 ዓመታቸው የምግብ እጥረት ምልክት የታየባቸው (የደም ማነስም አንዱ ነው) በ8፣ በ11 እና በ17 ዓመታቸው ይበልጥ ጠበኞች ሆነዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ቀንጭረው ነበር። መንዝ ገብስና ባቄላ አያጣም። ነገር ግን እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን አስሮ ይይዘዋል፤ ሰውነት በደንብ አያገኘውም። ዕንቁላሉ ደግሞ ገበያ ይወጣል። ሕፃን አይጾምም ይባላል፤ ድስቱ ግን ይጾማል።

እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረትም አለ፤ ከአሮጌ ቀለምና ከተፈታታ የመኪና ባትሪ የሚመጣው። ለልጅ አንጎል ጉዳት የለሽ የሚባል መጠን የለውም። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቀድሞ የተቀባው ግድግዳ ግን እንዳለ ነው።

የመጨረሻው ፍርሃት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በግጭት ከአጣዬና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን ተጠልለው ነበር። ድንጋጤ ሲደጋገም ኮርቲዞል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ሥርዓቱን ያጣል፤ አደጋን የሚያሸተው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ ነቅቶ ያድራል። እንዲህ ያለ ልጅ በር ሲጋጭ መጀመሪያ እጁ ይነሳል። ማን እንደሆነ ዞሮ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።