መድኃኒት ጠጥቶ ሌባ ማወቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሌባሻይ የሚያጠጣው መድኃኒት የተሰወረውን ያሳያል።»

በቀድሞው ዘመን ንብረት ሲሰረቅ ሌባ በማግኘት የታወቀው ሰው፣ ሌባሻይ፣ ይጠራና ለአንድ ለጋ ልጅ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት አጠጥቶ፣ ጭስ አስምጎ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ ይለቀው ነበር፤ ልጁም እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ሲዞር ቆይቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ቅመሙ በምስጢር የተያዘ ነበር፤ ሆኖም ተመሳሳይ ሁኔታ ሊያስከትል የሚችለው፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር የተባለ ተክል ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ሥራ ስለሚያግዱ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የጠጣውም ሰው የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል፤ ሲነቃ ደግሞ የሆነውን በቅጡ አያስታውስም። መጠኑ ካለፈ ይገድላል። እንዲህ ያለው ሰው በፊቱ ያለውን እንኳ አጥርቶ አያይም።

«ሌባውን ያገኝ ስለነበር ይሠራል።»

የገመዱ ጫፍ በአዋቂ እጅ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ከኋላ ይከተላል፤ ማን እንደሚጠረጠርም አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1907 በርሊን ውስጥ ሒሳብ ያሰላል የተባለውን ሀንስ የተሰኘ ፈረስ የመረመረው ኦስካር ፕፉንግስት፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ፈረሱም እንደሚሳሳት አሳይቷል፤ እንስሳው ያነብ የነበረው ጠያቂው ሳያውቀው የሚያሳየውን ጥቃቅን የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ፈረስ ይህን ከቻለ፣ በገመድ የሚመራ ልጅ መቻሉ ሊያስደንቅ አይገባም። በተጨማሪም የተያዘው ሰው ካሣ እንዲከፍል ይገደድ ስለነበር፣ መክፈሉ ራሱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል፤ በሐሰት የተወነጀለውን ማን ቆጠረው?

«እንግዲያው ልጁ አስመሳይ ነበር።»

ይህም አያስኬድም። ቅዠቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ስህተቱ ለቅዠቱ በተሰጠው ትርጉም ላይ ነው።

«ጫት የተደበቀውን ይገልጣል።»

በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በአእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ የምርቃናው ብርታት፣ የሐሳቡ መፍሰስና «ገባኝ» የሚያሰኘው ስሜት ከዚሁ የመጣ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ፣ ቃሚ ትኩሱን የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እርግጠኝነት ይጨምራል፤ እውቀት ግን አይጨምርም።

«ምግብን በማስተካከል ሦስተኛው ዓይን ይከፈታል።»

ሦስተኛው ዓይን እየተባለ የሚጠራው፣ በአንጎል ውስጥ ያለውና የሩዝ ፍሬ የሚያህለው ፓይኒል ዕጢ የታወቀ ሥራው እንቅልፍን የሚያስተካክለውን ሜላቶኒን ማመንጨት ነው። ራእይ ያሳያል የሚባለው ዲኤምቲ የተሰኘ ቅዠት አምጪ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ2013 በአይጥ ፓይኒል ውስጥ መገኘቱ ተስፋውን አጋንኖታል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ይህ ዕጢ በተወገደባቸው አይጦች አእምሮ ውስጥም ዲኤምቲ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ምንጩ ይህ ዕጢ ብቻ አይደለም።