ሞደስ ፖነንስ ወደ ኋላ አይሄድም

ሎጂክ አስተምራለሁ። የአንደኛ ዓመት ፈተና ባረምኩ ቁጥር ያው ስህተት ይጠብቀኛል። ሕጉ እኮ አጭር ነው፦ «ሀ ከሆነ ለ ይሆናል፤ ሀ ሆኗል፤ ስለዚህ ለ ሆኗል።» ሞደስ ፖነንስ የሚባለው ይኸው ነው። ስለሱ የሚነገሩኝን የተሳሳቱ አባባሎች በየተራ ልመልስ።

«አርስቶትል ያወጣው ነው።» አይደለም። የሱ ሥራ «ሁሉም» እና «አንዳንድ» በሚሉ አባባሎች ላይ ነው። ይህንን ሕግ በግልጽ ያስቀመጡት ስቶይኮች የሚባሉት የጥንት ግሪክ ፈላስፎች ናቸው፤ በተለይ ክሪሲፐስ።

«ድምዳሜው ሁልጊዜ እውነት ነው።» ሐይቅ ከሆነ ውኃው ጨዋማ ነው፤ ጣና ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ ጣና ጨዋማ ነው። አካሄዱ እንከን የለውም፤ መነሻው ግን ውሸት ነው።

«ወደ ኋላም ይሠራል።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። «ወባ የያዘው ሰው ያተኩሰዋል። ልጁን አተኩሶታል። ስለዚህ ወባ ነው።» ለምን? ጉንፋንም ያተኩሳል፤ የሳንባ ምችም ያተኩሳል። (ወባ በደሙ ኖሮ የማያተኩሰውም ሰው አለ፤ ለምሳሌው ያህል እለፉኝ።) ውጤቱን ማየት መነሻውን ማየት አይደለም።

የፈተና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። አክስቴን አተኩሷት አንድ ክሊኒክ ሄደች። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ፤ «ታይፎይድ ነው» ተባለች፤ መድኃኒት ተሰጣት። ታይፎይድ ምርመራውን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፣ እሺ። ግን የድሮ ሕመምም ሆነ ክትባት እንደዚያው ሊያደርገው ይችላል። ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ሌላ ቦታ ደሟ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ «ከሆነ» የሚል ነገር ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሀ ሳይኖር ለ ሊመጣ ይችላል? ከቻለ ወደ ኋላ አትመለሱ። «ሀ የለም፤ ስለዚህ ለ የለም» ማለትም ያው ጥፋት ነው። የሚያዋጣው የኋላ መንገድ «ለ የለም፤ ስለዚህ ሀ የለም» ነው፤ ሞደስ ቶለንስ ይባላል።

«የተማረ ሰው አይሳሳትም።» ኧረ ይሳሳታል! የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ዌሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን የካርድ ጥያቄ ሞክሩት። አራት ካርዶች አሉ፤ በአንዱ ገጽ የላቲን ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አላቸው። የሚታዩት አናባቢ፣ ተነባቢ፣ ተጋማሽ ቁጥርና ኢተጋማሽ ቁጥር ናቸው። «አናባቢ ካለ ጀርባው ተጋማሽ ነው» የሚለውን ለመፈተን የትኞቹን ትገለብጣላችሁ? ብዙ ሰው አናባቢውንና ተጋማሹን ይላል። መልሱ አናባቢውና ኢተጋማሹ ነው። የተጋማሹ ጀርባ ምንም ቢሆን አባባሉን አያፈርሰውም፤ ከኢተጋማሹ ጀርባ ግን አናባቢ ከወጣ አበቃ።